የቡና ገለባ ከሰል ለሊቲየም ባትሪ አኖድ ይሆናል? ካቶዱን መሸፈንስ ያዋጣል?

ባለገለባው፦

ሰላም ለሁላችሁ። በኬሚስትሪ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴን ሐሳብ ለአማካሪዬ ከማቅረቤ በፊት በሙያው ውስጥ ያላችሁ ሰዎች እንድትተቹልኝ ፈለግሁ።

ሐሳቤ ሁለት ክንፍ አለው። በአንድ በኩል ከደረቅ ቡና መፈልፈያ የሚወጣውን ገለባ አክስዬ፣ ወደ ግራፋይት ለውጬ፣ የሊቲየም ባትሪ አኖድ (አሉታዊውን ጫፍ) ልሠራበት እፈልጋለሁ። በሌላ በኩል ተገዝቶ የሚመጣውን የካቶድ (የአዎንታዊው ጫፍ) ዱቄት በስስ የአልሙኒየም ኦክሳይድ ልባስ ሸፍኜ ዕድሜው ይረዝም እንደሆነ ልመረምር ነው። አገራችን ቡናው አላት፤ በጉጂ ዞን ቀንጢቻ ሊቲየም ያዘለ ድንጋይም አላት። ባትሪው ግን ከነመኪናው ከውጭ ይገባል። ያነሣሣኝ ይህ ነው።

ያለን መሣሪያ እስከ 1100 ዲግሪ የሚሞቅ የቱቦ ምድጃ፣ የናይትሮጅን ሲሊንደርና የኤክስሬይ ዲፍራክሽን ነው። አርጎን የሚሞላ ግላቭ ቦክስ (አየር የማያስገባ የሥራ ሳጥን) ስለሌለን ሴሉን የሚገጣጥምልን ውጭ አገር ያለ ላቦራቶሪ ነው።

ግራ የገባኝን ልጠይቅ። የማነባቸው ጥናቶች ከእፅዋት የተሠራ ካርቦን በግራም 600 እና 700 ሚሊ አምፒር ሰዓት ይይዛል ይላሉ። የግራፋይት ጣሪያ ደግሞ 372 ነው። ይህ ሁሉ ብልጫ እያለ ፋብሪካዎች ግራፋይቱን ለምን አልለቀቁም? ገለባውን በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ማንቃትስ (ቀዳዳውን ማብዛትስ) አለብኝ? ሁለቱን ክንፎች በአንድ ጥናት መያዝ ይበዛብኝ ይሆን? ለምትሰጡኝ አስተያየት ሁሉ ከወዲሁ አመሰግናለሁ።


እመት ከሰል፦

ወንድሜ፣ እኔ በደቡብ ጀርመን ኡልም ከተማ በአንድ የባትሪ ላቦራቶሪ ኤሌክትሮድ ስቀባና ስቆርጥ የምውል ሴት ነኝ። የምጽፍልህ ረዘም ይላል፤ ቡናህን ይዘህ ተቀመጥ።

መጀመሪያ ግራፋይቱን እንተወው። ከቡና ገለባ በ1100 ዲግሪ ግራፋይት አታገኝም። ምድጃህ 2500 ቢደርስ እንኳ በወጉ አታገኝም። ይህን በግልጽ ያስቀመጠችው ሮዛሊንድ ፍራንክሊን ናት፤ አዎ፣ ያቺው በዲኤንኤ የኤክስሬይ ፎቶግራፍ የምናውቃት። ከዚያ በፊት ፓሪስ ውስጥ የምትሠራ የከሰል ተመራማሪ ነበረች። በ1951 ባሳተመችው ጥናት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ካርቦኖችን በሁለት ወገን ከፈለቻቸው። አንደኛው ወገን፣ ለምሳሌ ከነዳጅ ዝቃጭ የሚገኘው ኮክ፣ በመክሰል ላይ እያለ ስለሚለሰልስ ንብርብሮቹ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ፤ በኋላ 3000 ዲግሪ ሲደርስበት ግራፋይት ይሆናል። ሁለተኛው ወገን ሳይለሰልስ በቀጥታ ይከስላል፤ ስኳርም፣ እንጨትም፣ ገለባም ከዚህ ናቸው። ንብርብሮቹ ገና ሲፈጠሩ እርስ በርስ ተቆላልፈው ስለሚቀሩ ምንም ያህል ቢሞቁ አይላቀቁም። ይህን ሁለተኛውን ሃርድ ካርቦን እንለዋለን። ኤክስሬይ ስላላችሁ ራስህ ታየዋለህ፦ ግራፋይት 26.5 ዲግሪ አካባቢ ቀጭንና ሹል ጫፍ ያወጣል፤ የአንተ ከሰል ግን 23 ዲግሪ ግድም ሰፊ ጉብታ ብቻ ያሳያል። ጉብታውን «ግራፋይት» ብለው የሚያሳትሙ ሰዎች አሉ። አንተ ከእነሱ አትሁን።

አሁን ወደ 600ው እንምጣ። ቁጥሩ ተለክቶ የተገኘ ነው፤ ጥያቄው የተለካው ምን እንደሆነ ነው። ካናዳዊው ጄፍ ዳን ከባልደረቦቹ ጋር በ1995 ሳይንስ መጽሔት ላይ እንዳስረዳው፣ በ700 ዲግሪ ግድም ብቻ የከሰለ ካርቦን ውስጡ ብዙ ሃይድሮጅን ይቀራል፤ ሊቲየሙም ከዚያ ሃይድሮጅን አጠገብ ይያያዛል። ሲገባ በዜሮ ቮልት አካባቢ ይገባል፤ ሲወጣ ግን አንድ ቮልት ገደማ ካልደረሰ አይወጣም። በግራም ሲቆጠር ቁጥሩ ያስደንቃል። ሙሉ ባትሪ ውስጥ ስታስገባው ግን 3.3 ቮልት ሊሰጥህ የነበረው ሴል 2.4 ይሰጥሃል፤ ልዩነቱ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ሰንጠረዥ ላይ 600 ስታይ፣ የቮልቴጁን መስመር ፈልገህ ሳታይ አትመን።

ከዚህ የሚብሰው የመጀመሪያው ዙር ኪሳራ ነው። አኖዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞላ ኤሌክትሮላይቱ (በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ፈሳሽ) በካርቦኑ ገጽ ላይ ይበሰብስና ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ሽፋኑን ለመሥራት ሊቲየም ይበላል። ያ ሊቲየም አይመለስም። ባትሪ ውስጥ ያለው ሊቲየም አዲስ አባል የማይገባበት እቁብ ነው፤ ድርሻውን ይዞ የጠፋ ሰው ካለ የቀሩት ባነሰ ብር ይቀጥላሉ እንጂ የሚተካላቸው የለም። በሒሳብ ላሳይህ። አኖድህ በመጀመሪያው ሙሌት በግራም 400 ወስዶ 240 ብቻ መለሰ እንበል፤ ከእፅዋት በተሠሩ ካርቦኖች ዘንድ ይህ ብርቅ አይደለም። 400ውን የሚያመጣው ካቶዱ ነው። ሊቲየም ብረት ፎስፌት በግራም 160 ያህል ስለሚሰጥ ለአንድ ግራም አኖድ 2.5 ግራም ካቶድ ታስቀምጣለህ። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ግን ባትሪው ዕድሜ ልኩን የሚሠራው በ240 ነው። ከ2.5 ግራሙ አንዱ ግራም ሙት ጭነት ሆነ ማለት ነው፤ ገዝተኸዋል፣ ትሸከመዋለህ፣ ምንም አይሠራልህም። ደህና ግራፋይት በመጀመሪያው ዙር ከ90 በመቶ በላይ ይመልሳል። «ፋብሪካዎች ለምን አልለቀቁትም» ላልከው ዋናው መልስ ይኸው ነው።

ይህ ኪሳራ አብዛኛው ጥናት ላይ የማይታየው፣ ሙከራው የሚደረገው በግማሽ ሴል ስለሆነ ነው። ከካርቦኑ ፊት ለፊት የሊቲየም ብረት ቁራጭ ይቀመጣል፤ የጠፋውን ሁሉ እሱ ሳይሰስት ይተካል። አንባቢው የሚያየው ከሁለተኛው ዙር በኋላ ያለውን ውብ ቀጥ ያለ መስመር ነው። የመጀመሪያውን ዙር በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈውት ታገኛለህ፤ እሷን ዓረፍተ ነገር ፈልጋት።

ስለዚህ ማንቃቱን ተወው። ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ካርቦኑን ቀዳድቶ በግራም 1000 ካሬ ሜትርና ከዚያ በላይ ገጽ ያወጣለታል። ኃይልን ገጹ ላይ ለሚያከማቸው ለሱፐርካፓሲተር መልካም ነው። ለባትሪ አኖድ ግን ገጽ በሰፋ ቁጥር ሽፋኑ ይሰፋል፣ የሚበላው ሊቲየምም ይጨምራል። የባትሪ ግራፋይት በግራም ጥቂት ካሬ ሜትር ብቻ ነው ያለው፤ ሆን ተብሎ ነው። የአንተ ነገር ደግሞ ይለያል፦ የቡና ገለባ በተፈጥሮው ፖታሲየም የበዛበት ስለሆነ አንተ ምንም ሳትጨምርበት ምድጃ ውስጥ ራሱን ያነቃል። ስለዚህ ሥራህ ገለባውን ማንቃት ሳይሆን እንዳይነቃ መከልከል ነው።

ስለ ግራፋይት ይህን ያህል ካወራሁ ታሪኩን ትንሽ ልጨምር፤ ደስ ስለሚለኝ ነው። ሶኒ በ1991 ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው የሊቲየም ባትሪ አኖዱ ግራፋይት አልነበረም፤ ኮክ ነበር። ቀጥሎ ያመጡት ደግሞ ሃርድ ካርቦን ነው፤ የተሠራውም ከፉርፉሪል አልኮል ሙጫ ነው። ፉርፉሪል አልኮል ከምን ይገኛል? ከበቆሎ ቆረቆንዳና ከአጃ ገለባ ከሚወጣ ፉርፉራል። ስለዚህ ከገለባ ጋር ዝምድና ያለው አኖድ ካሜራና ስልክ ውስጥ የገባው ገና ያኔ ነው፤ እንደ አዲስ ግኝት ሲወራ ስሰማ ፈገግ እላለሁ። ግራፋይቱን ወደ ፊት ካመጡት ሰዎች አንዱ በፌዝ የተወለደው ሞሮኳዊው ራሺድ ያዛሚ ነው፤ ሊቲየም ግራፋይት ውስጥ ገብቶ እንደሚወጣ በ1980 ግሬኖብል ሆኖ አሳየ። በኋላ ኢትሊን ካርቦኔት የሚባለው ፈሳሽ ግራፋይቱን የሚጠብቅ ሽፋን እንደሚሠራ ሲታወቅ ሃርድ ካርቦን ከስልኩ ወጣ። አንዱ ምክንያት ክብደቱ ሳይሆን ቦታው ነው፤ የግራፋይት ጥግግት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 2.26 ግራም ሲሆን የሃርድ ካርቦን 1.5 ገደማ ነው፤ ስልክ ውስጥ ደግሞ የሚከራከሩት በሚሊ ሜትር ነው።

ታዲያ የእፅዋት ካርቦን ቤቱ የት ነው ካልከኝ፣ ሶዲየም ባትሪ ውስጥ ነው እልሃለሁ። ሶዲየም ተራ ግራፋይት ውስጥ አይገባም ማለት ይቻላል፤ በሃርድ ካርቦን ውስጥ ግን በደንብ ይቀመጣል። ስቲቨንስና ያው ጄፍ ዳን በ2000 ከግሉኮስ ባከሰሉት ካርቦን በግራም 300 ያህል አግኝተዋል፤ ዛሬም ብዙው ሰው የሚነሣው ከዚያ ነው። የጃፓኑ ኩባንያ ኩራሬይ ከእፅዋት የተሠራ ሃርድ ካርቦን ይሸጣል። እዚህ ኡልም ያሉ ተመራማሪዎች ከአፕል ተረፈ ምርት ሠርተዋል። ፊንላንድ ውስጥ ስቶራ ኤንሶ የተባለው የእንጨት ውጤቶች ኩባንያ በ2021 ሱኒላ ላይ ከእንጨት ሊግኒን አኖድ የሚሠራ የሙከራ ፋብሪካ ከፍቶ፣ በ2022 ከስዊድኑ የባትሪ አምራች ኖርዝቮልት ጋር አብሮ ሊሠራ ተስማማ። ኖርዝቮልት በ2025 መክሰሩን አሳወቀ። ይህን የምነግርህ ተስፋ ላስቆርጥህ አይደለም፤ ከላቦራቶሪ እስከ ፋብሪካ ያለው መንገድ በኬሚስትሪ ብቻ እንደማያልቅ እንድታውቅ ነው።

ስለ ካቶዱ ማታ እመለሳለሁ፤ አሁን ሥራ ጠራኝ።


ጀንፈል ነጋዴ፦

የጅማ ልጅ ነኝ። ስለ ባትሪ አላውቅም፣ ስለ ገለባው ግን ልናገር።

ወንድማችን፣ ገለባ ሁሉ አንድ አይደለም። መሬት ላይ ተሰጥቶ የደረቀ ጀንፈል አፈርና ጠጠር ይዞ ነው መፈልፈያው የሚገባው። በማድረቂያ አልጋ ላይ የደረቀው ንጹሕ ነው። እመት ከሰል ፖታሲየሙን ፈርተውታል፤ እኔ ከእሱ በፊት አፈሩን እፈራለሁ። መፈልፈያው ደጅ ከተከመረው ብታፍስ የጓሮ አፈር ነው የምታከስለው። ዝናብ የመታው ክምር ደግሞ ይሻግታል።

ሌላው፣ ለምን ከገለባው ጋር ትታገላለህ? የታጠበ ቡና ገለፈት አለልህ። እሸቱ ተፈልፍሎ፣ ሙጫው ታጥቦ፣ ከነገለፈቱ ደርቆ ነው የሚመጣው፤ ገለፈቱ የሚወልቀው በመጨረሻ ነው። ቀላል፣ ደረቅና ንጹሕ ነው። የሚገኘው ቡናው ለኤክስፖርት በሚዘጋጅበት ስለሆነ አዲስ አበባም አታጣውም።

ደግሞ «ቆሻሻ» አትበሉት። ገለባው ለማገዶም ለማዳበሪያም ይሄዳል። ባትሪ ፋብሪካ ይገዛዋል ከተባለ ዋጋው በማግስቱ እንደሚወጣ እኔ ነጋዴው እነግራችኋለሁ።


የቃሊቲው ጠጋኝ፦

እኔ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ነው የምጠግነው። በነዳጅ የሚሠራ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2024 ወዲህ ሥራው በዝቶልናል። አንድ ጥያቄ ለእመት ከሰል አለኝ፣ አንድ ትዝብትም ለተማሪው።

ጥያቄው፦ ይህ የካቶድ ልባስ የሚሉት ያረጀ ሴል ላይ የሚደረግ ነገር ነው? ደንበኞች በስልካቸው ቪዲዮ አይተው እየመጡ «ካቶዱን አስለብስልኝ» ማለት ጀምረዋል። ምን ልበላቸው?

ትዝብቱ፦ እኔ ጋ የሚመጣው ባትሪ አብዛኛው ኬሚስትሪው አላለቀም። ከመቶ በላይ ተከታታይ ሴሎች ውስጥ አንዱ ብቻ ይደክምና መቆጣጠሪያው በእሱ ምክንያት መኪናውን ያቆመዋል። ወይም ማገናኛው ዝጓል። ወይም ጎርፍ ውስጥ ተነድቶ ውኃ ገብቷል። አንዳንዴ ደግሞ የሞተው ትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ ሆኖ ባለቤቱ ትልቁን ሊያስቀይር ተዘጋጅቶ ይመጣል። እናንተ ዕድሜውን በሃያ በመቶ ልታረዝሙ ስትደክሙ ማገናኛውን በደንብ የሚያሽግ ሰው ቢገኝ እኔ እመርጥ ነበር። ምርምሩን ንቄ አይደለም።


እመት ከሰል፦

ጠጋኙ፣ ለደንበኞችህ «አይቻልም» በላቸው። ልባሱ የሚደረገው ዱቄቱ ገና ፋብሪካ ውስጥ ሳለ፣ ከሙጫ ጋር ተቦክቶ በአልሙኒየም ወረቀት ላይ ከመቀባቱ በፊት ነው። የታሸገ ሴል ከፍቶ ካቶድ አለብሳለሁ የሚል ሰው ካጋጠመህ እሳት አደጋ የሚጠራበትን ስልክ አዘጋጅ። ማገናኛውን በተመለከተ ልክ ነህ። ግን ሁላችንም የምንደክመው በየሙያችን ነው።

ነጋዴው፣ ስለ ገለፈቱ እጄን ሰጥቻለሁ። አመዱ ከገለባው በጣም ያነሰ ነው፤ እኔም ብሆን እሱን እመርጣለሁ። አፈሩ ለምን እንደሚጎዳ ለተማሪው ልንገረው፦ አፈር ሲሊካ ነው፤ ሲሊካ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ አይታጠብም። ወይ በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ነው የሚወጣው፣ ያንን ደግሞ ሥልጠና የሌለው ተማሪ እጁ እንዲያስገባበት አልመክርም፤ ወይ በትኩስ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። በዚሁ ምክንያት የጤፍ ጭድም የሩዝ ገለባም ያስቸግራሉ። በግል መልእክት ስለ ጣና እምቦጭ የጠየቀኝ ሰውም አለ፤ እምቦጭ ከዘጠኝ እጅ በላይ ውኃ ነው። አንድ የጭነት መኪና ሙሉ አምጥቶ፣ አድርቆ፣ አክስሎ የሚቀረው ጥቂት ከረጢት ከሰል ነው፤ ጨዉም የከፋ ነው። ሐይቁን ከእምቦጭ ማዳን ሌላ ሥራ ነው፤ ባትሪ አይከፍለውም።

አሁን ወደ ካቶዱ። ተማሪው «የካቶድ ዱቄት» ብሎ አለፈው፤ የትኛው ካቶድ እንደሆነ ግን አልነገረንም። ሁሉም ነገር የሚወሰነው በዚያ ነው።

ልባሱ ምን እንደሚሠራ ልንገርህ። የኤሌክትሮላይቱ ጨው ሊቲየም ሄክሳፍሎሮፎስፌት ይባላል፤ የምትቀር ጠብታ እርጥበት ካገኘ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ይወልዳል። አሲዱ የካቶዱን ኦክሳይድ ይበላል፤ ማንጋኒዝ፣ ኒኬል፣ ኮባልት ወደ ፈሳሹ ይሟሟሉ። ታሪኩ እዚያ አያበቃም። የሟሟው ማንጋኒዝ ኤሌክትሮላይቱን አቋርጦ አኖዱ ላይ ያርፍና ያን ቀድሞ የነገርኩህን ሽፋን ያበላሻል፤ ሽፋኑ እንደገና ይሠራል፣ እንደገና ሊቲየም ይበላል። ካቶዱን የምትሸፍነው እንግዲህ ለካቶዱ ብለህ ብቻ አይደለም። ሁለቱ ክንፎችህ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው፤ አንተ ግን ለየብቻ አስቀመጥሃቸው።

ሊቲየም ብረት ፎስፌት ከሆነ የምትገዛው፣ አልሙናውን (የአልሙኒየም ኦክሳይዱን) እርሳው። ማንጋኒዝ የለውም፣ ቮልቴጁም ዝቅ ያለ ነው። ችግሩ ኤሌክትሪክ አለማስተላለፉ ነበር። ተመራማሪዎቹ ፓዲና ጉድኢናፍ በ1997 ሲያስተዋውቁት ብዙ ሰው አይረባም ያለው ለዚህ ነው። ያዳነው ካርቦን ነው፤ በሞንትሪያል ሚሼል አርማንና ባልደረቦቹ ቅንጣቶቹን በስስ ካርቦን ሸፈኗቸው። ያን ካርቦን ለማምጣት እስከ ዛሬ ከሚጠቀሙባቸው ነገሮች አንዱ ስኳር ነው፤ ከዱቄቱ ጋር ተቀላቅሎ በናይትሮጅን ውስጥ ሲሞቅ ይከስላል። አዲስ አበባ ውስጥ ከሚነዱት የቻይና መኪኖች ብዙዎቹ ይህን ካቶድ የያዙ ስለሆኑ፣ የእፅዋት ካርቦን አስቀድሞ መኪናው ውስጥ ገብቷል ማለት እንችላለን፤ የገባው ግን አንተ ባሰብከው በር አይደለም።

ኒኬል የበዛበት ካቶድ ከሆነ ደግሞ ባትነካው ይሻልሃል። ከአየሩ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋህዶ ገጹ ላይ ሊቲየም ካርቦኔትና ሃይድሮክሳይድ ያወጣል። ደረቅ ክፍል ከሌላችሁ ያወዳደርከው ልባሱን ይሁን የጠረጴዛህን እርጥበት አታውቅም።

የምመክርህ የማንጋኒዝ ስፒነልን (ሊቲየም ማንጋኒዝ ኦክሳይድን) ነው። ርካሽ ነው፣ አየር አይፈራም፣ በግራም 110 ገደማ ይሰጣል፤ ደካማ ጎኑም ማንጋኒዙ መሟሟቱ ራሱ ነው። በ55 ዲግሪ ሙቀት ስታሠራው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ስለሚያሽቆለቁል ልባስህ ይሥራ አይሥራ ቶሎ ይታያል። በክፍል ሙቀት ግን ልዩነቱን ስትጠብቅ ትመረቃለህ።

ስለ ውፍረቱ ሒሳብ አውጣ። ዱቄትህ በግራም አንድ ካሬ ሜትር ገጽ ካለው፣ ከክብደቱ አንድ በመቶ አልሙና ጨምረህ እኩል ብታለብሰው 3 ናኖሜትር ገደማ ይሆናል። አልሙና ኤሌክትሪክ አያስተላልፍምና ከዚህ ብዙ ካበዛህ ባትሪው ይደነዝዛል። እኩል ማልበሱ ግን በወረቀት ላይ ብቻ ነው፤ በፈሳሽ መንገድ የተሠራ ልባስ እዚህ ጎብጦ እዚያ ይሳሳል። ውድ የሆነው የአቶም ንብርብር ማልበሻ መሣሪያ የተፈለገው ለዚህ ነው። አሉሚኒየም አይሶፕሮፖክሳይድን በደረቅ አልኮል አሟሙተህ፣ ዱቄቱን ውስጡ እያማሰልክ አድርቀህ፣ ከ400 ዲግሪ ብዙ ሳታሳልፍ አሙቀው። 700 ካደረስከው አልሙኒየሙ ከገጹ ወደ ውስጥ ይሰርግና ልባስ መሆኑ ይቀራል። ያም ይጠቅም ይሆናል፤ አንተ የለካኸው ግን ሌላ ነገር ይሆናል።

ብዙዎች የሚዘሉትን አንተ አትዝለል፦ ያልተሸፈነ ዱቄትም አልኮሉ ውስጥ ገብቶ፣ ደርቆ፣ በዚያው ሙቀት ይሙቅ፤ አልሙኒየም ብቻ አይጨመርበት። ማወዳደሪያህ እሱ ነው። ከከረጢቱ በቀጥታ ከወጣው ዱቄት ጋር ካወዳደርክ፣ ማሞቁ ብቻውን ያመጣውን ለውጥ ለልባሱ ልትሰጠው ትችላለህ። የጆርናል ገምጋሚ ሆኜ ጽሑፍ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የምፈልገው ይህን ነው፤ ሳላገኘው ስቀር የቀረውን የማነበው በጥርጣሬ ነው።

ሁለቱን በአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት? አይሆንም። የተሸፈነ ስፒነል ከሃርድ ካርቦን ጋር፣ ማንጋኒዙ ምን ያህል አኖዱ ላይ እንዳረፈ እየተለካ፣ ይህ ለዶክትሬት የሚበቃ ነው። አንዱን ምረጥ። እኔ ብሆን ገለፈቱን ለሶዲየም አደርገዋለሁ። ሶዲየም ባትሪ በሁለቱም በኩል የአልሙኒየም ወረቀት ስለሚበቃው መዳብ አያስፈልገውም። ሶዲየሙ ደግሞ አፋር ላይ በግመል የሚጫን ነው፤ አብጃታ ላይም ሶዳ አሽ ነበር የሚመረተው። (ሐይቁ የደረሰበትን ሳስብ ግን ያንን ባልጠቅሰው እመርጣለሁ።)


ባለገለባው፦

እመት ከሰል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጋሽ ነጋዴም ጠጋኙም አመሰግናለሁ። አማካሪዬን ዛሬ አነጋገርኩት፤ በገለፈቱና በሶዲየሙ ተስማማን። ካቶዱን ለሚቀጥለው ተማሪ እንተወዋለን፤ ማወዳደሪያው ላይ የነገሩኝን ግን ማስታወሻዬ ላይ አስፍሬዋለሁ።

ሦስት ነገር ብቻ ልጠይቅ። አሲድ የማጥበው ከማክሰሌ በፊት ነው ወይስ በኋላ? 1100 ዲግሪ ለሶዲየም ይበቃኛል? ሴሉን ለሚገጣጥሙልኝ ሰዎች ሳምፕል ስልክ ከእኔ ምን መጠየቅ አለብኝ?


እመት ከሰል፦

እጠበው በፊትም በኋላም። በፊት የምታጥበው ፖታሲየሙ ምድጃ ውስጥ ሆኖ ቀዳዳ እንዳይከፍት ነው፤ በኋላ ብቻ ያጠብከው እንደሆነ ቀዳዳው አንዴ ተከፍቷልና ጨዉን አውጥተህ ጉድጓዱን ታስቀራለህ። ለብ ባለ ስስ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሌሊቱን አሳድረው፤ ከዚያ የታጠበበት ውኃ አሲድነቱ እስኪጠፋ ድረስ በተጣራ ውኃ ደጋግመህ አለቅልቀው። ከከሰለ በኋላ ያለው ሁለተኛው እጥበት ውስጥ ተሸሽጎ የቀረውን ለማውጣት ነው።

1100 ይበቃል፣ ግን ጠርዝ ላይ ነህ። ለሶዲየም ብዙ ሰው ከ1200 እስከ 1400 ይሄዳል፤ በዚያ ሙቀት ትንንሾቹ ክፍት ቀዳዳዎች ይዘጋሉ፣ የመጀመሪያው ዙር ኪሳራም ይቀንሳል። ምድጃችሁን ጣሪያው ላይ አታቆዩት፤ በ1050 ሁለት ሰዓት አቆይተህ ጀምር። 900ንና 1000ንም ሥራና ሦስቱን አወዳድር። ከፍ ያለ ምድጃ ያለው ተቋም ካገኘህ ቀድሞ የከሰለውን ይዘህ ሂድ፤ ጥሬ ገለፈት ወደ ሰው ምድጃ ይዘህ አትሂድ፣ ሬንጁ ቱቦውን ያበላሽባቸዋል።

ሬንጅ ካነሣሁ፦ እስከ 500 ዲግሪ ድረስ በደቂቃ ከ3 ዲግሪ በላይ አትጨምር። ብዙው ጭስ የሚወጣው ያኔ ነው። የቱቦው መውጫ ላይ ባዶ ጠርሙስ አስቀድመህ ግጠም፤ ሬንጁ እዚያ ይጠራቀም፤ ካልሆነ መውጫው ይደፈንና ግፊቱ አይምርህም። የሚወጣው ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት። ወደ መስኮት ሳይሆን ወደ ጭስ መሳቢያው ውስጥ አስገባው።

ለሰዎቹ ስትልክ የአመዱን መጠን፣ በናይትሮጅን የተለካ የገጹን ስፋትና የኤክስሬዩን መስመር አብረህ ላክ። እነሱን ደግሞ የመጀመሪያውን ዙር መግቢያና መውጫ፣ ሙሉ የቮልቴጅ መስመሩንና በካሬ ሴንቲ ሜትር ስንት ሚሊ ግራም እንደቀቡ ጠይቃቸው። አንድ ሚሊ ግራም ብቻ ቀብተው የሚያምር ውጤት ከላኩልህ ከዚያ ወፈር አድርገው እንዲደግሙት ለምናቸው። ገለፈቱ ሲከስል ከክብደቱ ከአንድ አራተኛ ብዙ አይተርፍም፤ ከኪሎ በታች አትጀምር።

ምድጃው ከጠፋ በኋላም ቢሆን ከ100 ዲግሪ በታች ሳይወርድ ናይትሮጅኑን አትዝጋ። ትኩስ የከሰል ዱቄት አየር ካገኘ ይቀጣጠላል፤ ጠዋት ቱቦውን ስትከፍት የምታገኘው አመድ ብቻ ይሆናል።